ሙሉ የበግ አሮስቶ ለሰርግ፦ ከበግ ተራ እስከ ቡፌ

የጥሪ ወረቀቱ ላይ «የምሳ ሰዓት 6፡30» ተብሎ ይታተማል። ሙሽሮቹ ፓርክ ውስጥ ፎቶ ተነስተው፣ መንገድ ተዘጋግቶባቸው አዳራሽ ሲደርሱ 8 ሰዓት አልፏል። ዶሮ ወጥ ቢዘገይ ግድ የለውም፤ እንደገና ይሞቃል፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ዘንግ ላይ የሚዞር በግ ግን ሙሽራ አይጠብቅም። 6፡30 ላይ ቅቤ የነበረው ሥጋ 8፡30 ላይ ቋንጣ ነው።

ይህን ሥራ ልትጀምሩ ያሰባችሁም ሆናችሁ ለራሳችሁ ሰርግ ልታስጠብሱ የፈለጋችሁ፣ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ አንድ ነገር አትርሱ፤ የምትጠብሱት ለሚዘገይ ሰው ነው። የእሳቱ አያያዝም፣ የበጉ ምርጫም፣ ውሉም ሳይቀር ከዚያ ይነሳል።

እንግሊዞች ለእንዲህ ዓይነት ድግስ ሙሉ አሳማ ይጠብሳሉ። ግሪኮች ለፋሲካ ጠቦት በዘንግ ያዞራሉ። እኛ ጋ አሳማን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ስለማይበላ ነገሩ በበግ አልቋል። ስሙን ከጣሊያን ወስደን አሮስቶ አልነው። ሆቴሎች ብዙ ጊዜ በምድጃ ጋግረው ያቀርቡታል። እኔ የማወራው ደጅ ላይ፣ በከሰል፣ እየዞረ ስለሚጠበሰው ነው።

ስንት በግ ይበቃል?

በቁሙ 30 ኪሎ የሚመዝን በግ ታርዶ፣ ተገፎ፣ ሆድ ዕቃው ሲወጣ 13 ኪሎ ገደማ ይቀራል። ላቱ ሲነሳ 12። እሳት ላይ ደግሞ ውሃና ስብ ያጣል። አጥንቱን ስትቀንሱ ሳህን ላይ የሚደርሰው ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሥጋ ነው። ደንበኛ ይህን ስሌት ሲሰማ «ቀሪው የት ገባ?» የሚል ዓይን ያሳያችኋል። ከመጀመሪያው ቀን በወረቀት ጽፋችሁ አሳዩት።

አሮስቶው ዋናው ምግብ ከሆነ ለሰው 150 ግራም ያዙ። አንድ በግ 35 ሰው ያበላል። ቡፌው ላይ ክትፎ፣ ዶሮ ወጥና ጥብስ ካለ 100 ግራም ይበቃል፤ 55 ሰው ገደማ ማለት ነው። ለ300 እንግዳ እንግዲህ 6 በግ። «2 በግ ብቻ ለማሳያ ይሁን» የሚል ቤተሰብ ይገጥማችኋል። እኔ በግልጽ እነግራቸዋለሁ፦ 2 ከሆነ ለሙሽሮቹ፣ ለሚዜዎቹና ለሽማግሌዎቹ በትሪ ይሂድ፤ ቡፌ ላይ አይውጣ። ቡፌ ላይ ወጥቶ ግማሹ ሰው ከደረሰውና ግማሹ ባዶ ሳህን ይዞ ከተመለሰ፣ ሰርጉ የሚወራው በዚያ ነው።

ከቁጥሩ ጋር አብራችሁ የሙስሊም እንግዶችን ብዛት ጠይቁ። የእነሱ በግ በሙስሊም እጅ ይታረዳል። ዘንጉ፣ ቢላው፣ መክተፊያው፣ መቀቢያው ብሩሽ ሁሉ የራሱ ነው፤ ጠረጴዛውና የሚያስተናግደው ሰውም እንዲሁ። «አንድ ላይ ጠብሰን ለየብቻ እናቀርባለን» ብሎ ነገር የለም። ስብ ይፈናጠቃል፣ ብሩሽ ይቀላቀላል፣ ከዚያ እናንተም ደጋሹም ታፍራላችሁ። ማጣፈጫ ውስጥ ወይን የመጨመር ልማድ ያላችሁም ለዚህኛው ተዉት።

በግ ተራ

አዲስ አበባ ውስጥ ሾላ፣ አዲሱ ገበያ ወይም ቄራ ሂዱ። በጥር ከጥምቀት በኋላ ሰርጉ ስለሚደራረብ፣ በፋሲካ ሰሞን ደግሞ በዓሉ ስላለ ዋጋው ይሰቀላል። የምታውቁት ነጋዴ ካለ ቀብድ ሰጥታችሁ ከ2 ሳምንት በፊት አስይዙ።

ለዘንግ የሚሆነው ወጣት ነው። አፉን ከፍታችሁ የፊት ጥርሱን እዩ። ሁሉም ትናንሽ የወተት ጥርሶች ከሆኑ ከዓመት ብዙ አልዘለለም። መሀል ላይ 2 ሰፋፊ ጥርሶች ካበቀለም አሁንም ይሆናል። ከ4 በላይ ካበቀለ ለቅቅል ይሂድ። ቀጥሎ ወገቡን በእጃችሁ ጫን በሉት። አጥንቱ እንደ መጋዝ ከቆረቆራችሁ ከስቷል። ጭራሽ ካልተሰማችሁ ደግሞ ስብ በዝቶበታል። የሰባ ሙክት ለጥብስና ለወጥ አንደኛ ነው፤ ከሰል ላይ ግን ስቡ እየተንጠባጠበ እሳት ያስነሳባችኋል።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ሥጋው ይጣፍጣል፣ እሳት ላይ ቶሎ ይበስላል። የሆሮና የቦንጋ በግ ገዘፍ ይላል። እኔ ከዝርያው ይበልጥ የማየው እኩልነቱን ነው። 6ቱም በጎች በመጠን ከተቀራረቡ አብረው ይበስላሉ። አንዱ 22 ሌላው 38 ኪሎ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ እሳት ወደ ሌላው ስትሮጡ ትውላላችሁ።

መጥበሻው

ብየዳ ቤት ሄዳችሁ 200 ሊትር በርሜል ለሁለት በቁመቱ አሰንጥቁ፣ እግር አስበይዱለት። በርሜሉ የምግብ ዘይት የነበረበት ይሁን። ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበትን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ከመጀመሪያው ሥራ በፊት ባዶውን በኃይለኛ እሳት አቃጥሉት።

ዘንጉ ጥቁር ብረት ወይም የማይዝግ ብረት መሆን አለበት። ብየዳ ቤቱ የውሃ ቧንቧ ሊያቀብላችሁ ይችላል፣ ይቀላል ብሎ። ቧንቧው ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲግል መርዛማ ጭስ ያወጣል። ማሰሪያ ሽቦም እንዲሁ፣ ዚንክ ያልተቀባ ይሁን። የዘንጉን መደገፊያ በሦስት ከፍታ አሠሩት፦ ከፍሙ 40፣ 60 እና 80 ሳንቲ ሜትር። ይህ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ነገር ሰርጉ ሲዘገይ ያድናችኋል።

ማዞሪያው የእጅ እጀታ ቢሆን እመርጣለሁ። ሞተር ያሠሩ አሉ፤ መብራት ሲጠፋ ጭንቅ ነው። ሁለት ጎረምሶች እየተቀያየሩ ካዞሩ ይበቃል፣ ዓይናቸውም ሥጋው ላይ ይሆናል።

ከሰሉ የግራር ይሁን። ከባድ ነው፣ ፍሙ ይቆያል። የባሕር ዛፍ ከሰል ቶሎ ይያያዝና ቶሎ አመድ ይሆናል። ለአንድ በግ 20 ኪሎ አስቡ፣ 10 ኪሎ መጠባበቂያ ጨምሩ። እርጥብ የባሕር ዛፍ እንጨት አትጨምሩ፤ ሽታው ሥጋው ላይ ያርፋል።

እርድ

በሰርጉ ዕለት አታርዱ። ከታረደ ጥቂት ሰዓት በኋላ ሥጋው ይደርቃል፣ ይገትራል። በዚያ ሰዓት እሳት ላይ የወጣ ሥጋ ምንም ብታደርጉት አይታኘክላችሁም። ሰርጉ እሁድ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ይታረድ። ከእርዱ በፊት ለ12 ሰዓት ያህል መኖ ከልክሉት፣ ውሃ ግን ይጠጣ። ሆዱ ባዶ ሲሆን ሲገፈፍ ፈርሱ ሥጋውን አያበላሽባችሁም።

ቄራ ወስዳችሁ ብታሳርዱ መርማሪ ያየዋል። ግቢ ውስጥ ከታረደ ሥጋ መርምሮ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም አስመጡ። ራሳችሁም ጉበቱንና ሳንባውን ገልብጣችሁ እዩ። ውሃ የቋጠረ ፊኛ የሚመስል ነገር ካያችሁ ለውሻ እንዳትወረውሩት። ውሻው ትሉን ይወስድና መልሶ ለሰው ያስተላልፋል። ቆፍራችሁ ቅበሩት። ጤነኛው ጉበትና ጨጓራ ዱለት ሆኖ ለሠራተኛው ቁርስ ይሁን። ያለ ዱለት ከንጋት ጀምሮ ከሰል የሚያራግብ ጎረምሳ አላገኘሁም።

ሥጋው ለ8 ሰዓት ያህል ቀዝቀዝ ባለ፣ ነፋስ በሚገባበት ንጹሕ ቦታ ይሰቀል። ከዚያ ማቀዝቀዣ ይግባ። ገና ትኩስ ሳለ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ከከተታችሁት ጡንቻው ይኮማተርና ይጠጥራል።

አሁን ላቱን ቁረጡ። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች አሉ፣ «ላቱ ነው ጣዕሙ» ብለው። ጣዕሙ ትክክል ነው፣ ቦታው ግን ከሰል ላይ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ በግ ከነላቱ አዙሬ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላው ስቡ ፈሰሰ፣ ነበልባሉ ተነሳ፣ የኋላ ታፋው ከሰል መሰለ። ውስጡ ደግሞ ጥሬ። ላቱን ከትፋችሁ በትንሽ እሳት አቅልጡት፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል መዓዛ ስጡት። ሥጋውን የምትቀቡበት ዘይት ተገኘ ማለት ነው። ኩላሊቱንና ዙሪያውን የያዘውን ስብም አውጡ።

ማጣፈጥ

ጨው በሚዛን። ለአንድ ኪሎ ሥጋ 15 ግራም፤ ለ12 ኪሎ በግ 180 ግራም ይሆናል። «በእጄ አውቃለሁ» የምትሉ፣ የቅዳሜ ሰርግ ሥጋ የሚጣፈጠው ዓርብ መሆኑን አስቡ። ዓርብ የሚቀምስላችሁ ሰው የለም፤ ሁሉም ጾመኛ ነው። (ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ይበላል።)

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የጥብስ ቅጠል፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው አብራችሁ ውቀጡ፣ በዘይትና በሎሚ ለውሱት። ከውስጥም ከውጭም እሹት። ታፋውና ወርቹ ወፍራም ስለሆነ ከላይ የተቀባ አይደርሰውም። በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ጨው ሟሙቶ፣ ተጣርቶ፣ በአዲስ ሲሪንጅ በተለያየ ቦታ ይወጋ። ከዚያ ሸፍናችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት።

በርበሬ አትቀቡ። ከሰል ላይ ያርና ይመራል። አዋዜና ሚጥሚጣ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ።

ዘንግ ላይ ማሰር

ብዙ ሰው የሚቸኩልበት፣ ብዙ ሰው የሚያፍርበትም እዚህ ነው። ዘንጉን ከኋላ አስገብታችሁ በአንገቱ አውጡት፣ ከአከርካሪው ሥር አስጠግታችሁ። ከዚያ አከርካሪውን ከዘንጉ ጋር በአራት ቦታ በሽቦ እሰሩ። ሽቦው ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሥጋውን ወግቶ ይግባ፣ በፒንሳ ይጠምዘዝ። የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግታችሁ ዘንጉ ላይ ቆልፉ። የፊቶቹን ወደ አንገቱ አጥፋችሁ እሰሩ፤ ተንጠልጥለው ከቀሩ ይቃጠላሉ። ሆዱን ጥቂት የጥብስ ቅጠልና ሽንኩርት ጨምራችሁ ስፉት። ሩዝ አትሙሉበት። መሀሉ ሳይሞቅ ሰዓታት ይቆይና ሆድ ያማል።

ሥጋ ሲበስል ይሸሻል፣ ሽቦው ይላላል። አንድ ጊዜ በሦስተኛው ሰዓት ላይ ዘንጉ ይዞራል፣ በጉ ግን ቆሟል። የደጋሹ አጎት መጥተው «ልጄ፣ በጉ ደከመው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየሰዓቱ ፒንሳ ይዤ አጠብቃለሁ።

እሳት ላይ ከመውጣቱ በፊት ዘንጉን ሁለት ቦታ አሳርፋችሁ አዙሩና ልቀቁት። ሁልጊዜ አንድ ወገን ወደ ታች የሚወድቅ ከሆነ ሚዛኑን ስቷል፤ ፈትታችሁ እንደገና እሰሩ።

እሳቱና ሰዓቱ

ከመጨረሻው ተነሱ። ወረቀቱ 6፡30 ካለ እኔ የምቆርጥበትን 7፡30 ብዬ እይዛለሁ። 7፡00 ላይ ከእሳት ይወርዳል፣ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። 12 ኪሎ በግ 5 ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ጠዋት 2፡00 ላይ እሳት ላይ ይወጣል። ከሰሉ 1፡00 ላይ ይቀጣጠላል። እናንተ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ ናችሁ። በጉ ከማቀዝቀዣ የሚወጣው ከሰሉ ሲቀጣጠል ነው።

ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ነበልባል እያለ ሥጋ አይወጣም። ፍሙን በሁለት ክምር ክፈሉት፣ አንዱ በታፋው ትይዩ ሌላው በወርቹ ትይዩ። ሽንጡና ጎድኑ ስስ ስለሆነ ከሥራቸው ፍም አይኑር ማለት ይቻላል። ስቡ ቀጥታ እንዳይንጠባጠብበት ክምሮቹን ከዘንጉ ትንሽ ወደ ጎን ገፋ አድርጉ።

የመጀመሪያው ሰዓት በ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ሳይቀባ። ከዚያ በየ25 ደቂቃው የላቱን ስብ ቀቡ። ፍም በየ30 ደቂቃው ጨምሩ፤ በጎን በሌላ ምድጃ የተቀጣጠለ ይሁን፣ ጥቁር ከሰል አትጨምሩ። ነፋስ ካለ በነፋሱ በኩል ቆርቆሮ አቁሙ። የቆርቆሮ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ያለ እሱ 5 ሰዓቱ 7 ይሆናል።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ቴርሞሜትር ተጠቀሙ። የታፋው ወፍራም ቦታ ላይ፣ አጥንት ሳይነካ። የአውሮፓ የምግብ መጽሐፍ 60 ዲግሪ ላይ አውርዱት ይላችኋል። የእኛን እንግዳ አያውቅም። ጥሬ ሥጋ በቢላ እየቆረጠ የሚበላ ሰው የበግ ሥጋ ሮዝ ሆኖ ሲያይ «አልበሰለም» ብሎ ይመልሳል። ታፋው 75፣ ወርቹ 80 ይድረስ።

አሁን ዋናው ብልሃት። ታፋው 65 ዲግሪ ሲደርስ ቁሙ። ዘንጉን ወደ 80 ሳንቲ ሜትር አንሱት፣ ፍሙን ወደ ዳር ግፉት፣ ማዞሩን ግን አታቁሙ። ሥጋው እዚያ ላይ ሳይደርቅ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከዋናው ሚዜ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፦ መኪናው ከፓርክ ሲነሳ ይደውልላችሁ። ሲደውል ፍሙን መልሱ፣ ዘንጉን 40 ላይ አውርዱ። በ40 ደቂቃ ውስጥ ይበስላል፣ ላዩ ቡናማ ሆኖ ይንጫጫል። ሙሽሮቹ ገብተው፣ ተጨብጭቦ፣ ቁጭ እስኪሉ እናንተ እየቆረጣችሁ ነው። የሙሽራው እናት ስልክ አይጠቅማችሁም፤ «መጡ መጡ» ማለት የሚጀምሩት ከጠዋት ነው።

ከዚያም በላይ ቢዘገዩ? ሚዜው ደውሎ «መንገድ ተዘጋ» ካላችሁ በጉን አብስሉና አውርዱት፣ በትልቁ ስድስት ቦታ ቁረጡት፣ ክዳን ባለው ድስት ከትንሽ ትኩስ የአጥንት መረቅ ጋር በለስላሳ እሳት ላይ አቆዩት። ከ60 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ። ትርዒቱ ቀረ፣ ሥጋው ግን ተረፈ። በጎቹ ብዙ ከሆኑ አንዱን ብቻ ለፎቶ ሙሉውን አቆዩ።

ቆረጣና ማቅረብ

ሰላጣና ቲማቲም ተደርድሮለት ሙሉ በግ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡን ሰው ይወደዋል። ለ10 ደቂቃ ይታይ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ከዚያ ወደ መቁረጫው ይመለስ። እንግዳ ራሱ እየገነጠለ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 20 ሰዎች ሽንጡን ይጨርሱታል፣ ቀሪው አጥንት ያያል።

ለአንድ በግ ሁለት ቆራጭ። አንዱ ታፋና ሽንጥ፣ ሌላው ወርችና ጎድን። ከታፋው፣ ከወርቹና ከጎድኑ ቀላቅላችሁ ሳህን ላይ አድርጉ፣ ማንም ስቡ ብቻ እንዳይደርሰው። ቀድሞ ለሽማግሌዎች በትሪ ይሂድ። ተቆርጦ የተቀመጠ ሥጋ ሳይሞቅ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ይጣላል፣ ደጋሹ «ለመልስ ይሁን» ቢላችሁም።

ውጭ አገር ላላችሁ ሁለት ነገር ብቻ። ከሐላል ሉካንዳ ታርዶና ተገፎ የምታገኙት ሙሉ በግ ብዙ ጊዜ ከእኛው በግ ይገዝፋል። 20 ኪሎ ካለፈ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ያዙለት፣ ጨውና ከሰሉንም በዚያው ልክ ጨምሩ። ደግሞ አዳራሹ ደጅ ላይ ከሰል ማንደድ ይፈቅድ እንደሆነ ውል ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

ውሉ

ግማሹን ቀብድ፣ ቀሪውን በሰርጉ ዋዜማ። በሰርጉ ማግስት ገንዘብ ያለው ቤተሰብ የለም። በጉን ማን እንደሚገዛ፣ ለስንት ሰው እንደሆነ፣ የጾም ምግብ የማን ኃላፊነት እንደሆነ ይጻፍ። ከተባለው ሰዓት ከሁለት ሰዓት በላይ ከዘገየ ለከሰልና ለሠራተኛ ተጨማሪ እንደሚከፈል ይጻፍ። ጭንቅላቱ፣ ቆዳውና የተረፈው ላት የማን እንደሆነም ይጻፍ። አትሳቁ፤ በአንድ የበግ ቆዳ ምክንያት የደጋሹ ወንድምና የኔ ሠራተኛ ተያይዘው ነበር።

ስትጨርሱ ዘንጉን ገና ትኩስ ሳለ በብረት ብሩሽ ፋቁት፣ ዘይት ቀቡት። እስኪበርድ ከጠበቃችሁ ስቡ ይጋገርበታል፣ በማግስቱ ስትፍቁ ትውላላችሁ።